የዘገየ ድምፅና የሠለጠነ ጆሮ፦ ዜማን በሶፍትዌር አዘግይቶ ስለመማር ሂሳዊ ዳሰሳ

ዛሬ ክራር ወይም ማሲንቆ ለመማር የተነሣ ወጣት፣ አዲስ አበባም ይኑር ዋሽንግተን፣ የመጀመሪያ መምህሩ ብዙውን ጊዜ የተቀረጸ ድምፅ ነው። ዩቲዩብ ከፍቶ የአንድ አንጋፋ ተጫዋች ሥራ ያዳምጣል። የተጫዋቹ ጣት ሲፈጥንበት የማጫወቻውን ፍጥነት ከ1 ወደ 0.75፣ አልሆን ሲለው ደግሞ ወደ 0.5 ያወርደዋል። ነገሩን ጠበቅ አድርጎ የያዘው ተማሪ አውዳሲቲን፣ ትራንስክራይብን ወይም አሜዚንግ ስሎው ዳውነርን የመሰለ ሶፍትዌር ይጭናል፤ ያስቸገረችውን ሐረግ ለብቻዋ ቆርጦ፣ የድምፅ ከፍታዋ ሳይዛነፍ፣ እስኪገባው ድረስ ይደጋግማታል።

ይህ ልማድ ለጆሮ የሚሰጠው ብዙ ነው፤ የሚነሳውም ቀላል አይደለም። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ እንዲህ የሚል ነው፦ ሶፍትዌር ድምፅን ያዘገያል፤ አጨዋወትን ማዘግየት ግን አይቻለውም። ባለሙያ ረጋ ብሎ የተጫወተው ዜማና በማሽን የተለጠጠ ፈጣን ጨዋታ ለየቅል ናቸው። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚቆጥር ተማሪ ድምፆቹን በትክክል ያገኛቸዋል፤ ለዛውን ግን ያጣዋል።

የማዘግየት ታሪክ

ቅጂን አዘግይቶ ማዳመጥ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። ሙዚቀኛው ፐርሲ ግሬንጀር እ.ኤ.አ. በ1906 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) የኤዲሰን ፎኖግራፍ ይዞ በእንግሊዝ ሊንከንሽር የገበሬዎችን ዘፈን ቀረጸ። ቅጂውን ዝግ አድርጎ ሲያዳምጠው በተለመደው ፍጥነት ጆሮ የሚያልፋቸው የምት መዛነፎችና የድምፅ ጌጦች ተገለጡለት፤ ያገኘውንም በ1908 በሕዝብ ዘፈን ማኅበር መጽሔት አሳተመ። የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢው ሴሲል ሻርፕ ግን አልተቀበለውም። በእርሱ እምነት ኖታ መያዝ ያለበት ተራ አድማጭ የሚሰማውን እንጂ መሣሪያ የሚለካውን ሁሉ አልነበረም። የሁለቱ ክርክር ዛሬም አላረጀም፦ ዜማው የሚገኘው ማሽኑ ባሳየን ዝርዝር ውስጥ ነው ወይስ አድማጭ በሰማው መልክ ውስጥ?

በእነዚያው ዓመታት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄደው ዜማዎቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላዎች ተብለው የሚታወቁት እነዚያ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የእኛም ዜማ ከባለቤቱ ተለይቶ፣ እርሱ በሌለበት ቦታና ዘመን ሊሰማ ቻለ። አምሐ እሸቴ በ1969 ያቋቋመው የሸክላ አሳታሚ አምሐ ሪከርድስ፣ ኋላም ካሴት፣ ይህን ዕድል በየቤቱ አዳረሱት። ከካሴት የተማረ ሰው ደግሞ አንዲትን ሐረግ ለመያዝ ቴፑን ስንት ጊዜ ወደኋላ እንደመለሰ ራሱ ያውቀዋል።

በሸክላ ዘመን ማዘግየት ዋጋ ያስከፍል ነበር። በደቂቃ 33⅓ ጊዜ እንዲዞር የተሠራ ሸክላ በ16⅔ ሲጫወት ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁም አንድ ሙሉ ኦክታቭ ይወርዳል። ሆኖም በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ስለማይለወጥ የባቲ ቅኝት ባቲነቱን፣ አምባሰልም አምባሰልነቱን አይለቅም። ብዙ የአሜሪካ ጃዝ ተማሪዎች የታላላቆቻቸውን ፈጣን ጨዋታ የለቀሙት በዚህ መንገድ ነው። የሙዚቃ ደራሲው ቤላ ባርቶክም በ1940ዎቹ መጀመሪያ በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዩጎዝላቪያን የሕዝብ ዘፈኖች ኖታ ሲያደርግ ሸክላውን እያዘገየ ያዳምጥ ነበር። ችግሩ የሚመጣው ፍጥነቱ ልክ በግማሽ ካልቀነሰ ነው። የ45 ሸክላ በ33⅓ ቢጫወት ድምፁ ከአምስት ሴሚቶን በጥቂቱ አልፎ ይወርድና በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ያርፋል። አብሮ ሊጫወት የፈለገ ክራሩን እንደገና መቃኘት ግድ ይለዋል።

ማሽኑ የሚሠራው ሥራ

ፍጥነትን ከድምፅ ከፍታ ለይቶ የማስተናገድ ብልሃት መሠረቱ የተጣለው ፍላናጋንና ጎልደን የተባሉ የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች በ1966 ባሳተሙት ፌዝ ቮኮደር ነው። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተሩ ድምፁን ተደራራቢ በሆኑ ጥቃቅን ክፍልፋዮች ይከፋፍለዋል። በሲዲ ጥራት በተቀረጸ ድምፅ የአንዱ ክፍልፋይ ርዝመት 2048 ናሙና ቢሆን 46 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል። በየክፍልፋዩ ውስጥ ያሉትን ሞገዶች ይለያል፤ ከዚያም ክፍልፋዮቹን እርስ በርስ አራርቆ መልሶ ይገጥማቸዋል። ጊዜው ይረዝማል፤ ከፍታው ባለበት ይቆያል።

ይህ ዘዴ ሳይቋረጥ ለሚዘልቅ ድምፅ፣ ለምሳሌ ለዋሽንት፣ ደኅና ይሠራል። የሚቸግረው ድምፅ የሚነሣበትን ቅጽበት ሲያገኝ ነው። የክራር አውታር ሲመታ የሚሰማው የመጀመሪያ ጠቅታ የጥቂት ሚሊሰከንድ ጉዳይ ነው። ያ ጠቅታ በ46 ሚሊሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ሲገባ ኃይሉ በክፍልፋዩ ሁሉ ይበተንና ጠርዙ ይደበዝዛል። ከበሮም እንዲሁ ነው፤ እጅ ቆዳውን የመታበት ቅጽበት ይላላል። የኋላ ሶፍትዌሮች የምት መነሻን ለይተው ሳይለጥጡ ለማለፍ ይሞክራሉ፤ ፍጥነቱ ከግማሽ በታች ሲወርድ ግን ጉድለቱ ለማንም ጆሮ ግልጽ ነው።

ጆሮ የሚያተርፈው

ትርፉን በተጨባጭ ለማየት የችክችካን ምት እንውሰድ። በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን እያንዳንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው። ምቱ ለሦስት ሲከፈል አንዱ ክፋይ የሰከንድ አንድ ስድስተኛ ብቻ ይሆናል። በዚህች ጠባብ ጊዜ ውስጥ የክራሩ ምት ከከበሮው ቀድሞ ወይስ ዘግይቶ እንደገባ አዲስ ጆሮ አይለይም። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ክፋዩ የሰከንድ አንድ ሦስተኛ ይሆንና መቅደሙና መዘግየቱ ይሰማል። እስክስታን የሚያስመታው ግፊት ያለው እዚያ መሆኑን ተማሪው በራሱ ጆሮ ያረጋግጣል።

ማሲንቆ ላይ ትርፉ ይበልጣል። መሣሪያው ባለ አንድ ጭራ ነው፤ ጣት ጭራውን ይነካዋል እንጂ ከአንገቱ ጋር አያጣብቀውም። ስለዚህ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው የሚወስደው መንገድ ራሱ የዜማው አካል ነው። በሙሉ ፍጥነት አንድ ድምፅ የመሰለው ነገር ሲዘገይ ሦስት ድርጊት ሆኖ ሊገኝ ይችላል፦ ጣት ከታች ተንሸራቶ ይመጣል፤ ከማረፉ በፊት በላይ ያለውን ድምፅ ነካ ያደርጋል፤ ደጋኑ አቅጣጫ የሚቀይረው ደግሞ ድምፁ ከተለወጠ በኋላ ነው። ይህን ያልሰማ ተማሪ የዜማውን አጥንት ብቻ ይጫወትና ለምን እንደ ባለሙያው እንደማይጥም ግራ ይገባዋል። ግሬንጀር ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ አድማጭ ለይቶ የማይሰማቸው ዝርዝሮች ተደምረው አድማጩ የሚወደውን ጣዕም ይሰጣሉ።

የድምፅ ከፍታን የመለወጥ አቅሙም ትልቅ ጥቅም ነው። በዕድሜና በተደጋጋሚ ቅጂ ብዛት ፍጥነቱ የተዛባ ካሴት ወደ ልኩ ሊመለስ ይችላል፤ ተማሪውም ቅጂውን ከራሱ ክራር ቅኝት ጋር አስማምቶ አብሮ ይጫወታል። መምህር በአቅራቢያው ለሌለው፣ በተለይ በውጭ አገር ለሚያድግ ልጅ፣ ይህ ከምንም በላይ ነው።

ጆሮ የሚያጣው

ኪሳራውን በገና በግልጽ ያሳያል። አሥሩ አውታሮች በርኩማው ላይ በሚያርፉበት ቦታ እንዚራ የተባሉ ትንንሽ ቆዳዎች ይገባሉ፤ አውታሩ ሲደረደር ከቆዳው ጋር እየተገናኘ ያንን የታወቀ ግርማ ያለው ንዝረት ይፈጥራል። መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ ኢትዮፒክስ በተባለው የሙዚቃ ቅጂ ተከታታይ 11ኛ ቅጽ ያስቀረጹትን በገና ያዳመጠ ሰው ንዝረቱ ከድምፁ ተነጥሎ እንደማይታይ ያውቃል። ያው ድምፅ በሶፍትዌር በግማሽ ሲዘገይ ንዝረቱ ጥርሱን ያጣል፤ ከውኃ ውስጥ የሚመጣ ድምፅ ይመስላል። ተማሪው የትኛው አውታር እንደተነካ ያውቃል፤ እንዚራው እንዴት መስተካከል እንዳለበት ግን ከዚያ ድምፅ ሊማር አይችልም።

ከድምፅ ጥራት የሚበልጠው ጉዳይ የጊዜ አከፋፈል ነው። ማሽን ሁሉንም በእኩል ይለጥጣል። ባለሙያ ግን ረጋ ሲል እንዲህ አያደርግም። ትዝታን ዝግ አድርጎ የሚጫወት ማሲንቆኛ ረጅሙን ድምፅ ያረዝማል፣ ትንፋሹን ይሰበስባል፣ በተገኘው ክፍተት ጌጥ ይጨምራል፤ ፈጣኗን ንክኪ ግን በፈጣንነቷ ይተዋታል። ያቺ ንክኪ ከተለጠጠች ጌጥነቷ ይቀርና ራሷን የቻለች ድምፅ ትሆናለች። ከተለጠጠ ቅጂ ብቻ የተማረ ሰው ሲፈጥን የሚንተባተበው ለዚህ ነው። እጁ አንድ እንቅስቃሴ መሆን የነበረበትን ነገር ሦስት አድርጎ ለምዶታል። ሻርፕ የታገለለት መልክ እዚህ ላይ ዋጋው ይታያል።

ሌላው አደጋ ከቅኝት ጋር ይያያዛል። ከእነዚህ ሶፍትዌሮች አንዳንዶቹ የሰሙትን ድምፅ በፒያኖ ቁልፍ ስም ያሳያሉ። የፒያኖ ሴሚቶን በድምፅ ርቀት መለኪያ ሁልጊዜ 100 ሴንት ነው፤ የማሲንቆና የክራር ቅኝት ግን በዚህ መስፈሪያ አይታሠርም። ተመራማሪዋ ሲንቲያ ሴ ኪምበርሊን በ1976 የዶክትሬት ጥናቷን የሠራችው የቅኝትን ባሕርይ ከማሲንቆ በመነሣት ነው፤ ጥያቄው ለብቻው ጥናት የሚገባው መሆኑን ይህ ብቻ ይመሰክራል። የአንቺ ሆዬን ቅኝት በስክሪን ላይ ወዳለው ቅርብ ቁልፍ እየጎተተ የሚቃኝ ተማሪ የዓይኑን እንጂ የጆሮውን ምስክርነት አልተቀበለም።

የዜማ ቤት ትምህርት

ዝግታን ለትምህርት የማዋል ጥበብ በዜማ ቤት የቆየ ሥርዓት አለው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚማር ደቀ መዝሙር በመጀመሪያ ቁም ዜማውን፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ ከመምህሩ አፍ ይቀበላል። ቀጥሎ በዝማሜ፣ ከመቋሚያው እንቅስቃሴ ጋር ያስኬደዋል። በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ በጽፋት ደግሞ ዜማው ፈጥኖ በጭብጨባ ይደምቃል። ያው ዜማ በየደረጃው በሰው ድምፅ፣ በሰው እጅና እግር እንደ አዲስ ይሠራል። ከቁም ወደ ጽፋት የሚደረገው ጉዞ ፍጥነት የመጨመር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በየደረጃው ሰውነትም ጆሮም አዲስ ነገር ይማራሉ።

ምልክቶቹም ይህንኑ ይናገራሉ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ ሲባል የሚጠቆመው ድምፁ የሚሄድበት መንገድ ነው። ርክርክን የሚያውቅ ተማሪ መንቀጥቀጡን እንደ አንድ ነገር ይይዘዋል፤ ስንት ድምፅ እንዳለበት መቁጠር አያስፈልገውም። ሶፍትዌር የሚጎድለው ይህ ነው። ክፍሎቹን ፈታትቶ ያሳያል፤ የትኞቹ ተጣምረው አንድ እንቅስቃሴ እንደሚሆኑ ግን አይናገርም። ያንን የሚናገረው መምህር ነው፤ መምህር በሌለበትም በሙሉ ፍጥነት ደጋግሞ የሰማ ጆሮ ነው።

ፍርዱ

ስለዚህ ሶፍትዌሩን የምቃወምበት ምክንያት የለኝም፤ ቦታውን እንዲያውቅ ግን እጠይቃለሁ። ዜማን መጀመሪያ በሙሉ ፍጥነቱ፣ በቃል ማንጎራጎር እስኪቻል ድረስ መስማት ይገባል። ማዘግየት የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ላልተለየች አንዲት ሐረግ መልስ ፍለጋ ነው፤ መልሱ በተገኘበት በዚያው ቁጭታም ወደ ሙሉ ፍጥነት መመለስ ያስፈልጋል። የተዘገየ ቅጂ መመርመሪያ እንጂ መለማመጃ አይደለም።

ትልቁ ሥራ ግን የተማሪው ብቻ አይደለም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ የባህል ማዕከላት፣ የዜማ መምህራንና በየከተማው ያሉ ማሲንቆኞች በሕይወት ባሉ አንጋፋዎች እጅ እያንዳንዱን ዜማ ሁለት ጊዜ ይቅረጹልን፦ አንድ ጊዜ እንደወትሮው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ባለሙያው ራሱ ለተማሪ ብሎ ረጋ አድርጎ። በቅጂው መጀመሪያ ላይ ቅኝቱን አውታር በአውታር ያሰማልን። ለዚህ አንድ ስልክና ጸጥ ያለ ክፍል ይበቃል። አንጋፋዎቹ ካለፉ በኋላ ግን በራሳቸው ፈቃድ የዘገዩበትን ጨዋታ የትኛውም ሶፍትዌር ሊመልስልን አይችልም፤ ስለዚህ ቀረጻው ዛሬ ይጀመር።