መጠየቅና መስማት፤ «ባራኩን» በተባለው መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሒስ

የሕዝብን ባሕልና ልማድ የሚያጠና ሰው ሁለት ሥራ አለበት፤ አንደኛው መጠየቅ፥ ሁለተኛው መስማት ነው። ስለ መጠየቅ ብዙ ተጽፏል፤ በትምህርት ቤትም በሰፊው ይሰጣል። ስለ መስማት ግን እምብዛም አይነገርም፤ ጆሮ ያለው ሁሉ የሚችለው ሥራ ይመስላልና። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ከሚያስረዱት መጻሕፍት አንዱ አሜሪካዊቷ ደራሲና የባሕል ተመራማሪ ዞራ ኒል ኸርስተን ያዘጋጀችው «ባራኩን» ነው። ቃሉ፥ ምርኮኞች መርከብ እስኪመጣላቸው ድረስ በባሕር ዳር የሚታጐሩበትን በረት ያመለክታል። መጽሐፉ በ1931 ተጽፎ ቢያልቅም ለኅትመት የበቃው በ2018፥ ማለት ጸሐፊዋ ከሞተች ከ58 ዓመት በኋላ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ባለታሪኩ ኮሶላ፥ በአሜሪካ ስሙ ከጆ ሉዊስ የተባለ ሽማግሌ ነው። የተወለደው ዛሬ ቤኒን በምትባለው አገር ሲሆን፥ የዳሆሜ ንጉሥ ጦር ከተማውን አጥፍቶ ማረከው። በ1860 ክሎቲልዳ በምትባል መርከብ፥ መቶ ዐሥር ያህል ከሚሆኑ ምርኮኞች ጋር፥ ወደ አላባማ ተወሰደ። አሜሪካ ባሮችን ከውጭ ማስገባትን በሕግ ከከለከለች ያን ጊዜ 52 ዓመት ሆኗት ነበር። በ1865 ነጻ ቢወጣም ወዳገሩ የሚመለስበት ገንዘብ ስላጣ፥ ከባልንጀሮቹ ጋር በሞቢል ከተማ አጠገብ መሬት ገዝተው «አፍሪካታውን» የተባለውን መንደር ቈረቈሩ። ሚስቱንና ስድስት ልጆቹን ቀብሮ እርሱም በ1935 ዐረፈ።

ኸርስተን ይህን ሰው ሁለት ጊዜ ሄዳ አነጋግራዋለች፤ የመጽሐፉም ትምህርት ያለው በሁለቱ ጉዞዎች መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ በ1927 በአንድ የታሪክ መጽሔት ያወጣችው ጽሑፍ አብዛኛው ኤማ ላንግደን ሮሽ በ1914 ካሳተመችው መጽሐፍ የተገለበጠ መሆኑ በ1970ዎቹ ዓመታት ተደርሶበታል። ሒስ የሚጽፍ ሰው ይህን መሸፈን አይገባውም። ተመራማሪዋ ሄዳ ጠየቀች፤ ይዛ የተመለሰችው ግን የሰውዬውን ታሪክ ሳይሆን የሌላ ሰው መጽሐፍ ነበር። መጠየቅ ብቻውን መስማት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ተመልሳ ሦስት ወር ያህል ተመላለሰች። በአገሩ ስሙ በጠራችው ጊዜ ሽማግሌው አለቀሰ። ኮክ፥ ሐብሐብና የዐሣማ ሥጋ እየያዘች ትሄድ ነበር። አንዳንድ ቀን እየበሉ ይጫወታሉ፤ አንዳንድ ቀን ይበላሉ እንጂ አይጫወቱም፤ አንዳንድ ቀንም አጥሬን ልጠግን፥ አትክልቴን ልኰትኵት ብሎ ይመልሳታል። ስለ ራሱ እንዲነግራት ስትጠይቀው እርሱ ከአያቱ ጀመረ። ትዕግሥቷ አልቆ ልታሳጥረው ብትሞክርም፥ አባት ሳይነገር ልጅ አይነገርም በማለት ጸና። የእኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በእኛም አገር አንድን ሰው አስቀድመን የምንጠይቀው የማን ልጅ እንደሆነ ነውና። ለኮሶላ የአያቱ ነገር የታሪኩ መቅድም ሳይሆን ታሪኩ ራሱ ነበር። ኸርስተን በመጨረሻ የራሷን ቅደም ተከተል ትታ የእርሱን ተቀበለች። የመጽሐፉ ዋጋ ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ ነው፤ ሰውን መስማት ማለት ነገሩን ከየት እንደሚጀምር ለባለታሪኩ መተው ነውና።

በቃሉ አጻጻፍም እንዲሁ ጸንታለች። አሳታሚ ድርጅት በተስተካከለ እንግሊዝኛ እንድትጽፈው ቢጠይቃት እንደ ተናገረው ካልሆነ አይሆንም አለች፤ መጽሐፉም ሳይታተም ቀረ። በዚህ ጽናቷ ላመሰግናት እወዳለሁ። ነገር ግን አንድ መቃወሚያ አለኝ። ኮሶላ የተናገረው ባርነት ባስተማረው ቋንቋ እንጂ በአፍ መፍቻው አይደለም። የአንደበቱን መሰናከል ፊደል በፊደል የምታነብ ዐይን፥ ሰውዬው በልሳኑ ጨዋታ ዐዋቂ፥ ነገር ተርታሪ ሊሆን እንደሚችል በቀላሉ ትረሳለች። ይህ ለእኛ የሩቅ ጕዳይ አይደለም። የጋሞን ወይም የአፋርን ሽማግሌ በአማርኛ ጠይቀን የተሰባበረ አማርኛውን በደብተር ስናሰፍር፥ የምንመዘግበው የእርሱን ዕውቀት ሳይሆን የእኛን የቋንቋ ድኽነት ነው።

ሁለተኛው ጕድለት ከዚህ የከፋ ነው። ኸርስተን በ1928 ለባለቅኔው ላንግስተን ሂዩዝ በጻፈችው ደብዳቤ፥ ከዚያችው መርከብ የተረፈች፥ ከኮሶላም ይልቅ ጨዋታ የምትችል አንዲት ሴት ማግኘቷን ገልጻለች። የዚያችን ሴት ታሪክ ግን አላሳተመችም። ሐና ደርኪን የተባለችው ተመራማሪ በ2019 ይህች ሴት ሬዶሺ እንደምትባልና እስከ 1937 እንደኖረች አሳየች፤ በ2020ም እስከ 1940 የኖረች ማቲልዳ መክሪር የተባለች ሌላ ሴት መኖሯን አስታወቀች። እንግዲህ «የመጨረሻው ምርኮኛ» የተባለው ሽማግሌ የመጨረሻው አልነበረም፤ ከእርሱ በኋላ የሞቱት ሁለቱ ሴቶች እንደ እርሱ የሚሰማቸው ባለመገኘቱ ተዘነጉ እንጂ።

«ባራኩን» በታተመበት በ2018 ሳንድራ ሮዎልት ሼል በእንግሊዝኛ ያሳተመችው «የተስፋ ልጆች» የተባለ መጽሐፍ ደግሞ ነገሩን ወደ አገራችን ያቀርብልናል። ይህ መጽሐፍ፥ የእንግሊዝ ባሕር ኀይል ከባሪያ ነጋዴዎች ጀልባ ካስጣላቸው በኋላ በ1890 ወደ ደቡብ አፍሪካ፥ ላቭዴል ወደሚባለው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለተወሰዱ 64 የኦሮሞ ልጆች ይተርካል። የስመ ጥሩው የትምህርት ሊቅና ታጋይ የኔቪል አሌክሳንደር አያት፥ ቢሾ ጃርሳ፥ ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ልጆቹ በየግላቸው የተናገሩት ቃል በጽሑፍ ተጠብቆ መቈየቱ ትልቅ ሀብት ነው፤ ከየት እንደተወሰዱና በማን እጅ እንዳለፉ ከእርሱ እናውቃለን። ሆኖም ቃላቸው አጭርና ለጠያቂ የተሰጠ መልስ ስለሆነ፥ ኮሶላ ከአያቱ እንደ ጀመረ እያንዳንዱ ልጅ በፈቃዱ ቢተወው ከየት ይጀምር እንደነበር አናውቅም።

ይህን የምጽፈው ከጥፋቱ ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከውጭ አገር ትምህርቴን ፈጽሜ በተመለስሁ ጊዜ፥ በአንድ የገጠር ቀበሌ ስለ ጋብቻ ሥርዐት ልጠይቅ ወደ አንዲት ባልቴት ቤት ገባሁ። የጥያቄ ዝርዝር ይዤ ነበር። እማሆይ ስለ ሞተችው ልጃቸው መናገር ሲጀምሩ፥ ወደ ጥሎሹ ነገር መለስኋቸው። የጠየቅኋቸውን ሁሉ በትሕትና መለሱልኝ፤ የልጃቸውን ነገር ግን ደግመው አላነሡም። ደብተሬ ዛሬም አለ፤ ስለ ጥሎሽ የተሟላ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ብመለስ ዐርፈዋል። ከደቀ መዛሙርቴ አንዱ የጥያቄውን ዝርዝር አዘጋጅቶ ባሳየኝ ቍጥር፥ ከመጨረሻው ጥያቄ በታች ባዶ ገጽ እንዲተው የማዝዘው ስለዚህ ነው።