ዘንዶውና ባለጸጋው

 

እርጅናን በሕክምና ማሸነፍ ይቻላል የሚሉ ሰዎች ባለጸጎችን ለማሳመን ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጽሑፎች አንዱ ተረት ነው። ጸሐፊው ኒክ ቦስትሮም የተባለ ስዊድናዊ ፈላስፋ ሲሆን፣ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ሕክምና ሥነ ምግባር በሚጽፍ መጽሔት ላይ ወጣ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የአምባገነኑ ዘንዶ ተረት» እንደማለት ነው። ተረቱ አጭር ነው፤ ያነሣው ጉዳይ ግን በቤቱ አረጋዊ ያለውን ሁሉ ይመለከታል። ስለዚህ ጥሩውን ጥሩ፣ ጎደሎውን ጎደሎ ብለን ልንመዝነው ይገባል።

በተረቱ ውስጥ አንድ ግዙፍ ዘንዶ የሰውን ልጅ ያስገብራል። በየዕለቱ 10 ሺህ ሰዎች ይቀርቡለታል፤ የሰው ቁጥር ሲጨምር ግብሩም ይጨምራል። ሰዎች መጀመሪያ ተዋጉት፤ አልቻሉትም። ኋላ ግን ለመዱት። ሟቾቹን በባቡር ወደ ተራራው የሚያደርስ ሥርዓት ዘረጉ። የሃይማኖት አባቶች የፈሩትን ሲያጽናኑ፣ የተማሩት ደግሞ ዘንዶው የተፈጥሮ ሕግ ነው ብለው አስረዱ። በመጨረሻ ቅርፊቱን የሚበሳ ነገር ተገኘ። አያቱን የተነጠቀ አንድ ሕፃን በስብሰባ መካከል ዘንዶው ክፉ ነው ብሎ ሲጮህ የሕዝቡ ልብ ተነሣ። ንጉሡም ግምጃ ቤቱን ከፈተ፤ ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላ ሚሳይል ተተኩሶ ዘንዶው ወደቀ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ዘንዶው እርጅና ነው፤ ንጉሡ ደግሞ ገንዘብ ያለው ሁሉ ነው።

በቅድሚያ ጥሩውን እንናገር። ይህ ተረት ስንፍናን ይወቅሳል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። አንድ አዛውንት ዐይናቸው ሲጠፋ፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው፣ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል!» ብለን ሐኪም ሳናሳያቸው የምንቀር ስንቶቻችን ነን? ይህን ተወኩል ብለን ብንጠራው በራሳችን ላይ መቀለድ ነው። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ መታከም በተጠየቁ ጊዜ እንድንታከም አዘዋል፤ አላህ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳኖረና እርጅና ብቻ ከዚህ የተለየ እንደሆነም ነግረዋል። ሐዲሡን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። አንዳንዱ ሰው የሐዲሡን መጨረሻ ብቻ ይዞ ምርምሩን ሁሉ ሊያወግዝ ይቸኩላል። ይህ ልክ አይመስለኝም። የተለየው እርጅና ራሱ ነው፤ ከእርጅና ጋር የሚመጡት የልብ ሕመም፣ የስኳር በሽታና የመርሳት በሽታ ግን በሽታዎች ናቸው። መድኃኒት እንድንፈልግ የታዘዝነውም ለበሽታ ነው።

እንግዲህ ጉድለቱ የት ላይ ነው? እኔ ሦስት ጉድለት አይቼበታለሁ።

አንደኛው፣ ዘንዶው ከሰው ውጭ ተራራ ላይ የተቀመጠ አውሬ መሆኑ ነው። እርጅና ግን እንዲህ ያለ ጠላት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ተመራማሪዎች የእርጅናን ዋና ዋና መለያዎች ዘርዝረው 9 አደረሷቸው፤ በ2023 ደግሞ 12 አሏቸው። ሁሉም በሰውነታችን ውስጥ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ናቸው። አንዱ ሲጠገን ሌላው ይቀራል። እርግጥ ነው፣ ተስፋ የሚሰጥ ውጤት አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ራፓማይሲን የተባለ መድኃኒት ያረጁ አይጦችን ዕድሜ እንዳራዘመ ታውቋል። ዳሩ ግን አይጥ ሰው አይደለችም። ያረጁ ሕዋሳትን አስወግዶ የጉልበት ሕመምን ያስታግሳል ተብሎ ታላላቅ ባለሀብቶች ገንዘብ ያፈሰሱበት የዩኒቲ ባዮቴክኖሎጂ መድኃኒት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በሕመምተኞች ላይ ሲፈተን ከማስመሰያ መድኃኒት ያልተሻለ ሆኖ ተገኘ። ይህ ነውር አይደለም፤ ምርምር እንዲህ ነው። ነውሩ ለባለጸጋው «ግምጃ ቤትህን ክፈት፣ ዘንዶው ይወድቃል» ብሎ በአንድ ሚሳይል ማስጎምጀት ነው። እንዲህ ተስፋ የተሰጠው ሰው የመጀመሪያው ሙከራ ሲከሽፍ እጁን ይሰበስባል።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይከፋል። በተረቱ ዘንዶው ሲወድቅ ድኻውም ሀብታሙም በአንድ ሌሊት ነፃ ይወጣሉ። በምድር ላይ ግን መድኃኒት ዋጋ አለው፤ ባለቤትም አለው። ለዚህ አንድ ምሳሌ ላምጣ። ሜትፎርሚን የተባለውን ኪኒን በየቤታችን ያሉ የስኳር ሕመምተኞች ያውቁታል፤ ርካሽ ነው። ኒር ባርዚላይ የተባሉ የእርጅና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ ይህ ኪኒን በእርጅና ዘመን የሚመጡ በሽታዎችን ያዘገይ እንደሆነ በአሜሪካ 3 ሺህ አረጋውያን ላይ ለመፈተን ዐቀዱ። እ.ኤ.አ. በ2015ም ከአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጋር መከሩበት። የሚፈልጉት ገንዘብ በዐሥር ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ነበር። ነገር ግን መድኃኒቱ ማንም ፋብሪካ ሊሠራው የሚችል፣ ለአንድ ኩባንያ የተለየ ትርፍ የማያመጣ በመሆኑ፣ ዕቅዱ ገንዘብ ሲለምን ዓመታት አለፉ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2022 አልቶስ ላብስ የተባለ ኩባንያ ሕዋሳትን ወደ ወጣትነት የመመለስ ምርምር ለማካሄድ በ3 ቢሊዮን ዶላር ሥራ ጀመረ።

ኪኒኑ በእርግጥ ይጠቅማል ማለቴ አይደለም፤ ሳይፈተን ማን ያውቃል? ኩባንያ ማቋቋምም ወንጀል አይደለም። ነገር ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ተረቱ የዘለለውን ጥያቄ ያገኘዋል። እሱም «ዘንዶው ለማን ይወድቃል?» የሚለው ነው።

ሦስተኛው ጉድለት ስለ አኺራ የሚናገረው ነው። ተረቱ የሃይማኖት ማጽናኛን ሰዎችን ካስተኟቸው ነገሮች መካከል ይቆጥረዋል። ይህ በታሪክ ሲፈተሽ አይጸናም። ቀላዉን የተባለው የግብፅ ሱልጣን ገና አሚር ሳለ ደማስቆ ላይ ታመመ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ከኑረዲን ሆስፒታል በመጣለት መድኃኒት ዳነ፤ አላህ ሥልጣን ከሰጠውም እንዲህ ያለ ሆስፒታል ሊሠራ ተሳለ። ከነገሠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1284 ካይሮ ላይ አስጀመረው፤ ወቅፍም አደረገለት። በወቅፉ መሠረት ሀብታሙም ድኻውም፣ ወንዱም ሴቱም የሚታከምበት ሆነ። በሳንባ በኩል ስለሚያልፈው የደም ዝውውር የጻፈው ሐኪም ኢብኑ ነፊስም በ1288 ሲሞት ቤቱንና መጻሕፍቱን ለዚያው ሆስፒታል አወረሰ። እነዚህ ሰዎች በአኺራ የሚያምኑ ነበሩ። እምነታቸው አላስተኛቸውም፤ ይልቁንም እጃቸውን ፈታው።

እስቲ የቀላዉንን ነገር በደንብ እንመልከት። እሱንም ያነሣሣው የራሱ ሕመም ነው። ስለዚህ ባለጸጋ ሞትን ፈርቶ ገንዘብ ቢሰጥ ፍርሃቱን ማንቋሸሽ አይገባም፤ የማይፈራ ማን ነው? ልዩነቱ ፍርሃቱ የወለደው ገንዘብ የት ደረሰ የሚለው ላይ ነው። ሱረቱል ሁመዛህ የሚወቅሰው ገንዘብ ሰብስቦ የሚቆጥረውን፣ ያም ገንዘብ ለዘላለም የሚያኖረው የሚመስለውን ሰው ነው። ቀላዉን ገንዘቡ እንዲያኖረው አልጠበቀም። በወቅፉ ሰነድ ላይ ግን የማያውቃቸውን ድኾች አስገባ። ሶደቀቱን ጃሪያህ የምንለው ይህንን ነው፤ ሰጪው ከሞተ በኋላ ምንዳው የማይቋረጥ ምጽዋት። እንግዲህ ለባለጸጋ ከዚህ የሚበልጥ ማሳመኛ ምን አለ? «አንተ አትሞትም» የሚለው ቃል ማንም ሊከፍለው የማይችል ዕዳ ነው። «አንተ ብትሞትም ሥራህ ያልፍሃል» የሚለው ግን ዛሬ ሊፈጸም የሚችል ነው።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ሰዎች ጉዳይ ብቻ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አይደለም። ሪያድ የሚገኘው ሄቮሉሽን ፋውንዴሽን ለዚሁ ምርምር በዓመት እስከ 1 ቢሊዮን ዶላር ድረስ ሊያወጣ እንደሚችል አስታውቋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ይፋ ለሆነው የ101 ሚሊዮን ዶላር የኤክስፕራይዝ ውድድርም ዋና ደጋፊ ነው። የውድድሩ ግብ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 የሆኑ ሰዎችን የጡንቻ፣ የአእምሮና የበሽታ መከላከል አቅም ቢያንስ በ10 ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ነው። እኔ በበኩሌ ይህ አነጋገር ከተረቱ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሞትን አጠፋለሁ አይልም፤ የሚለካ ነገር ይናገራል። አዛውንት በራሳቸው እግር መስጊድ ቢሄዱ ማን ይጠላል? ሆኖም የሙስሊም ገንዘብ በገባበት ቦታ የወቅፍም ጥያቄ ሊገባ ይገባል። የሚገኘው ውጤት ለማን ነው? በስንት ዋጋ? ለድኻው የተጻፈለት ድርሻ የት አለ?

ተረቱ ከመፈጸሙ በፊት አንድ ልብ የሚነካ ነገር አለ። ሚሳይሉ ሊተኮስ ጥቂት ሲቀረው የመጨረሻው ባቡር መንገድ ላይ ነበር። አንድ ወጣት አባቱ በዚያ ባቡር ላይ ስለተሳፈረ አስቁሙልኝ ብሎ ለመነ፤ አልተቻለም። ጸሐፊው ከዚህ የወሰደው ትምህርት ቶሎ መተኮስ ነበረበት የሚል ነው። ልክ ነው። ዳሩ ግን ባቡሩ ውስጥ ከሽማግሌው አጠገብ ስለሚቀመጥ ሰው አላሰበም። ቁርኣን በሱረቱል ኢስራእ ወላጆች እኛ ዘንድ ሳሉ እርጅና ሲደርስባቸው «ኡፍ» እንኳ እንዳንላቸው ያዘናል። ይህ ትእዛዝ መድኃኒት እስኪገኝ አይጠብቅም። ለምርምር ሚሊዮን የሚሰጥ ባለጸጋ፣ በዚያው ዓመት ለአረጋውያን መጦሪያ፣ ለዐይን ሕክምና፣ ለደም ግፊት ኪኒን የሚሆን ድርሻ ካልቆረጠ፣ በባቡሩ ላይ ያሉትን ረስቶ ስለ ሚሳይሉ ብቻ አስቧል ማለት ነው።

በጠቅላላው ተረቱ ሊነበብ የሚገባው ነው፤ ያነቃል። ሆኖም ባለጸጋን ለማሳመን ከእሱ የሚቀድም ሰነድ አለ፤ እሱም ተጠቃሚው ማን እንደሆነ በግልጽ የተጻፈበት የወቅፍ ሰነድ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ወላጆቻችንን በጤና ያቆይልን፤ ሀብት የሰጣቸውንም ለሚቀር ሥራ ያድላቸው። ወላሁ አዕለም።