መቀሱን ማን ይያዝ?

በአሜሪካ ከ2003 እስከ 2013 (እ.ኤ.አ.) ቲ.ኤል.ሲ. በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ «ዋት ኖት ቱ ዌር» የሚባል ተከታታይ ዝግጅት ይታይ ነበር፤ በእኛ አፍ «የማይለበሰው» እንበለው። መነሻው ቢ.ቢ.ሲ. በ2001 በእንግሊዝ አገር የጀመረው ባለ ተመሳሳይ ስም ዝግጅት ነው። ብዙ ሰው እንደ ተራ መዝናኛ አይቶ አልፎታል። እስቲ እኛ እንደ ድርሰት እንየው። መቼት አለው፣ ገጸ ባሕርያት አሉት፣ ግጭትና መፍትሔም አለው። እንግዲህ ሂስም ይገባዋል።

ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ወዳጅ ዘመድ አንዲትን ሴት «አለባበስ አታውቅም» ብሎ ይጠቁማል። ሳታውቅ በድብቅ ካሜራ ትቀረጻለች። ከዚያ ስቴሲ ለንደንና ክሊንተን ኬሊ ከተፍ ይሉና 5,000 ዶላር እንሰጥሻለን ይሏታል፤ በለውጡ ያላትን ልብስ ታስረክባለች። በመስተዋት በተከበበ ክፍል ውስጥ ቆማ ትተቻለች፣ ልብሷ ቆሻሻ መጣያ ይገባል፣ ኒው ዮርክ ገበያ ትወጣለች። ወደ መጨረሻው ላይ ጠጉር ሠሪው ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

የድርሰቱ ጡዘት እዚህ ላይ ነው። ለምን ቢሉ፣ ልብስ ካልተስማማ ይቀየራል፣ ኩልም ይታጠባል። ጠጉር ግን በወር ከአንድ ሴንቲ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ ወገብ ድረስ የወረደውን ለመመለስ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ተመልካቹ ትንፋሹን ውጦ የሚያየው የማይመለስ ነገር ሲፈጸም ስለሆነ ነው። እንባ ከመጣማ ካሜራው ጠጋ ይላል።

በእንዲህ ያሉ ዝግጅቶች ረጅም ጠጉር ብዙ ስም ይወጣለታል፦ መደበቂያ ነው፣ ባለፈ ዕድሜ ላይ መንጠልጠል ነው፣ ራስን መጣል ነው። ማሳጠሩ ደግሞ መብሰልና መድፈር ይባላል። ሴትዮዋ እምቢ ስትል እምቢታዋ እንደ ሐሳብ አይቆጠርም፤ እንደ ሕመም ምልክት እንጂ። እሺ ካለች ዳነች፣ እምቢ ካለች ገና አልዳነችም። በዚህ ዓይነት ክርክር ማን ይረታል?

ነገሩ የርዝመት ጉዳይ ነው እንዳንል ሌላውን እንይ። ታይራ ባንክስ በ2003 በጀመረችው «አሜሪካስ ኔክስት ቶፕ ሞዴል» ውስጥ የአንዷ ጠጉር ሙልጭ ተደርጎ ሲቆረጥ፣ ለሌላዋ የሰው ጠጉር ይቀጠልላታል። አጭርም ረጅምም ይፈቀዳል፤ የማይፈቀደው የባለቤቲቱ ምርጫ ነው። በ2005 አንዲት ተወዳዳሪ ረጅም ጠጉሯን ካስቆረጠች በኋላ፣ እንደገና ጥቂት ይነሣ ስትባል «በቃኝ» ብላ ውድድሩን ትታ ሄደች። በእኔ አስተያየት ከዚህ ዓይነት ዝግጅት ሁሉ እውነተኛ ድራማ የታየው ያን ዕለት ነው።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ስቴሲ ለንደን ከልጅነቷ ጀምሮ በጥቁር ጠጉሯ መካከል አንድ የሽበት ሰረዝ ነበራት። አልሸፈነችውም፤ መታወቂያዋም ሆነ። መልካም አደረገች! ታዲያ ለሌላይቱ ሴት ረጅም ጠጉሯ መታወቂያዋ ሊሆን እንደሚችል እንዴት ይረሳል?

«ወዳ፣ ፈርማ ገባችበት አይደል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ብዙዎቹም ደስ ብሏቸው ወጥተዋል፣ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ወዳጆቿ ተሰልፈው፣ ገንዘቡ ፊቷ ተቀምጦ፣ ካሜራው እየዞረ የሚሰጥ እሺታ ሙሉ እሺታ ነው ለማለት ያስቸግራል።

የእኛ አገር ተመልካች ደግሞ ይህን ሁሉ በሌላ ዓይን ያያል። አያቶቻችን ጠጉራቸውን የሚላጩት የቅርብ ሰው ሲሞትባቸው ነበር። መቀስና እንባን አብሮ ያየ ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

የዝግጅቱ ጉድለት መቁረጡ አይደለም። ጠጉር የሚቆረጥ ነገር ነው፤ ያሻት ትላጭ፣ ያሻት እስከ ተረከዟ ታሳድግ። ጉድለቱ ገጸ ባሕርይቱ «አይሆንም» ብላ፣ ጠጉሯን እንደ ጎነጎነች፣ ተከብራ የምትወጣበት መጨረሻ አለመጻፉ ነው። አንድ መጨረሻ ብቻ ያለው ድርሰት ምኑ ድርሰት ነው? አንባቢያን ፍረዱ።