«ሺቫ» እና «ሺቫ»፦ የአንድ የሕንድ አምላክ ስም ፍቺና ሥር

በእስራኤል ከሠራዊት አገልግሎት በኋላ ወደ ሕንድ መጓዝ በወጣቶች ዘንድ ከተለመደ ወዲህ፣ «ሺቫ» የሚባለው የሂንዱዎች አምላክ ስም ወደየቤታችን ገብቷል። ስሙ ሐዘን ሲደርስብን ከምንቀመጠው የሰባት ቀን «ሺቫ» ጋር በድምፅ ስለሚገጥም፣ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው የሚል አስተያየት ይሰነዘራል። አምላኩ አጥፊ ነው ስለሚባል፣ ሐዘኑም ሞትን ስለሚከተል፣ ነገሩ የተሟላ ይመስላል። እኛ ግን አንቀበለውም።

የዕብራይስጡ ቃል ሥሩ ሺን፣ ቤት፣ ዓይን ሲሆን ትርጉሙ ሰባት ነው። የግዕዙ «ሰብዓቱ» እና የአማርኛው «ሰባት» የሥጋ ዘመዶቹ ናቸው። ዓይን በዛሬው የብዙኃኑ ዕብራይስጥ፣ ልክ እንደ አማርኛው «ዐ»፣ ከአፍ ብትጠፋም በጽሕፈት ጸንታ ቆማለች። «ቫ» የሚለውም ድምፅ የላላ «ብ» ነው። በሳንስክሪቱ ስም ውስጥ ግን ዓይንም ቤትም የለም፤ «ቫ»ውም ጥንት ለ«ው» የቀረበ ድምፅ ነበር። የሚያሳዝነው፣ ቄሶቻችን በግዕዝ ሲጸልዩ የሚያሰሙት ቃል የዕብራይስጡ እውነተኛ ዘመድ መሆኑ ሳይነገራቸው፣ ልጆቻችን በሐሰተኛው ዝምድና መደነቃቸው ነው።

ታዲያ የአምላኩ ስም ከየት መጣ? በሪግ ቬዳ፣ ማለትም በጥንታዊው የሕንድ የመዝሙር መጽሐፍ፣ «ሺቫ» ገና የተጸውዖ ስም አይደለም። «ደግ፣ በጎ» የሚል ቅጽል ነው፤ ለሌሎች አማልክትም ይነገራል። የኋለኛው ሺቫ በዚያ ዘመን ሩድራ ይባል ነበር። ሩድራ በፍላጻው በሰውና በከብት ላይ በሽታ የሚሰድ፣ መድኃኒቱንም የሚያውቅ አስፈሪ አምላክ ነው። እንዲህ ያለውን ኃይለኛ «ደጉ» ብሎ መጥራት ልመናም ማባበልም ነው። ዓይነ ስውርን «ሳጊ ናሆር»፣ ብርሃኑ የበዛ፣ ማለትን ለለመደ የእስራኤል ነዋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በጊዜ ብዛት ቅጽሉ ስም ሆነና የቀድሞውን ስም ሸፈነው። በሽቬታሽቫታራ ኡፓኒሻድ ሩድራ የሁሉ ጌታ ሆኖ ሲወደስ ሺቫም ተብሏል።

ስለ «ሩድራ» ስም ደግሞ፣ ከ2000 ዓመታት በፊት የኖረው ያስካ «ኒሩክታ» በተባለው የቃላት መፍቻ መጽሐፉ ከአንድ በላይ ፍቺ ያቀርባል፤ የሚያገሣ ወይም የሚያስለቅስ ማለት ነው ይላል። ሻታፓታ ብራህማና ግን ሕፃኑ እንደተወለደ ስላለቀሰ ሩድራ ተባለ ብሎ ይተርካል። ያስካ አንዱን ፍቺ ብቻ በግድ አለመጫኑን እናደንቃለን። ስም ሁሉ ከግሥ ይወለዳል የሚለው እምነቱ ግን ከመጠን አልፏል። ይህንም ጋርግያ የተባለ ሊቅ አስቀድሞ ተቃውሞት ነበር፤ ስም ከድርጊት የሚገኝ ከሆነ ያንን ድርጊት የሚፈጽም ሁሉ በዚያው ስም መጠራት ነበረበት ብሎ ጠይቋል። ያስካ መልስ ቢሰጥበትም ተቃውሞውን ሳይደብቅ በገዛ መጽሐፉ ማስፈሩ ያስመሰግነዋል።

አንዳንድ ተመራማሪዎች ስሙን በታሚል ቋንቋ «መቅላት» ከሚለው «ሲቫ» ከሚል ሥር ያወጡታል። በያጁር ቬዳ ሩድራ ቀይ መልክ ያለው ተብሎ መገለጹ ይረዳቸዋል። ይሁን እንጂ «ደግ» የሚለው ቅጽል በሪግ ቬዳ በግልጽ እያለ ወደ ሌላ ቋንቋ መሻገር አስፈላጊ ሆኖ አላገኘነውም።

በዕብራይስጡ «ሺቫ» እና በሳንስክሪት መካከል የግድ ዝምድና ይፈለግ ከተባለ፣ መፈለጊያው በአምላኩ ስም ሳይሆን በቁጥሩ ነው። ሳንስክሪት ሰባትን «ሳፕታ» ይላል። ይህ ቃል ከላቲኑ «ሴፕቴም» ጋር አንድ ቤተሰብ ሲሆን፣ ቤተሰቡ በሙሉ ቁጥሩን በጥንት ዘመን ከሴማውያን ቋንቋዎች ተውሶት ይሆናል የሚሉ ሊቃውንት አሉ።