የሰውነት አቋም መመዘኛዎች በእንሰት ፍቂያ ሥራ ሲፈተኑ

በገረሴ ዙሪያ ባለው የጋሞ ደጋ እንሰት መፋቅ የሴቶች ድርሻ ነው። ሠራተኛዋ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ከእንሰቱ ግንድ የተላጠውን ወፍራም ሽፋን በዘመመ ሳንቃ ላይ ዘርግታ በአንድ እግሯ ተጭና ትይዝና በቀርከሃ መፋቂያ ትፍቀዋለች። ሥራ ማቅለያ መሣሪያ ለማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ በነጥብ የሚወሰን ከሆነ፣ የነጥቡ አሰጣጥ አስቀድሞ መመርመር አለበት።

ኦዋስ የተባለው ዘዴ በፊንላንድ በኦቫኮ የብረት ፋብሪካ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1977 ታተመ። ጀርባን በ4፣ ክንድን በ3፣ እግርን በ7፣ ሸክምን በ3 መደብ ይከፍላል። ተመልካቹ በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ያየውን ይመዘግባል እንጂ ማዕዘን አይለካም፤ ስለዚህም ለማስተማር ከሁሉ ይቀላል። ሆኖም ለመቀመጥ ያለው ቁጥር አንድ ብቻ በመሆኑ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጸሐፊና እንሰት ፋቂዋ በእግር ረገድ እኩል ሊቆጠሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ማክአታምኒና ኮርሌት ያወጡት ሩላ ለክንድና ለእጅ አንጓ የተሻለ ነው፤ በደቂቃ ከ4 ጊዜ በላይ ለሚደጋገም እንቅስቃሴ ነጥብ ይጨምራልና የፋቂዋን እጅ አይዘነጋም። ለእግር ግን ከ1 ወይም ከ2 በቀር የሚሰጠው የለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሬባ ይህን ጉድለት ለማረም ጉልበት ከ60 ዲግሪ በላይ ሲታጠፍ 2 ነጥብ ይደምራል፤ ነገር ግን ተቀማጭን ከዚህ ነጥብ ያስቀራል። ለወንበር ተቀማጭ ጉልበት ማጠፍ ዕረፍት ነው፤ በገረሴ ግን ያው የታጠፈ እግር ሽፋኑን ተጭኖ የሚይዝ የሥራ መሣሪያ ነው። ከሦስቱም ይልቅ የሚያሳስበው ይህች ትንሽ ማስታወሻ ናት።

የእግሩ ግፊት በዓይን ስለማይታይ ሠራተኛዋን መጠየቅ ግድ ይሆናል። የስዊድናዊው ቦርግ የድካም መለኪያ ለዚህ ይታሰብ ይሆናል፤ ይሁን እንጂ ከ6 ጀምሮ እስከ 20 የሚሄደው ቁጥር ከልብ ምት ጋር እንዲቀራረብ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ትምህርት ቤት ላልገባች እናት ትርጉም አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው የኖርዲክ መጠይቅ ሰውነትን በ9 ክፍል ከፍሎ ሕመሙ የት እንደሆነ ስለሚጠይቅ፣ በጋሞኛ ለመጠየቅ ይመቻል።

ስለሆነም የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ኦዋስን ከዚህ መጠይቅ ጋር አጣምረው ቢያስተምሩ ይበጃል። በኦዋስ ቅጽ ላይ ለመሬት ተቀማጭ አዲስ ቁጥር መጨመርም ይቻላል። ይሁንና የተጨመረው ቁጥር በዘዴው የውሳኔ ሠንጠረዥ ውስጥ ስለማይገኝ፣ ውጤቱ የሥራውን ሁኔታ ይገልጻል እንጂ ነጥብ አይወጣለትም። ዕቅድ አውጪዎችም እንዲህ ያለውን መግለጫ ያለ ነጥብ ለመቀበል መዘጋጀት ይኖርባቸዋል።