ፍሪሲዮኑ ሲይዝ

ባለፈው ወር አንዲት አዲስ ሰልጣኝ ወንበሯን እንኳ ሳታስተካክል፣ «ጋሼ፣ ቤታችን ያለው መኪና ኤሌክትሪክ ነው። ወንድሜም ሊገዛ ያሰበው ኤሌክትሪክ ነው። እኔ ፍሪሲዮን የምማረው ለምንድን ነው?» አለችኝ። የስንፍና ጥያቄ እንዳልሆነ አጠያየቋ ያስታውቃል። መልሱ ቶሎ አልመጣልኝም። «ለጊዜው ስፖኪዮሽን አስተካክይ» ብዬ አለፍኩት። ማታ ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ።

ልጅቷ ያለችው እውነት ነው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገራችን እንዳይገባ ተከልክሏል። ቢዋይዲና የቮልስዋገን አይዲ መኪኖች ዛሬ በየሰፈሩ ቆመው ይታያሉ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ነዳጁን ግን በውጭ ምንዛሪ እየገዛን ነው የምናቃጥለው። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። እንዲያውም ለኤሌክትሪክ መኪና የምጨምርለት ምስክርነት አለኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብምና አይጎድልበትም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ሜዳ ላይ ያለ ይመስላል።

ሙግቴ ከመኪናው ጋር ሳይሆን ከማስተማሩ ጋር ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ አሁን በአውቶማቲክ ብቻ ያሰለጥናል። ሻይ ላይ በተገናኘን ቁጥር እንከራከራለን። «አንተ ሰልጣኙን ሦስት ፔዳልና ካምቢዮ አሸክመህ መንገዱን እንዳያይ ታደርገዋለህ። የእኔ ከመጀመሪያዋ ሰዓት ጀምሮ ዓይኑ መንገድ ላይ ነው» ይለኛል። በዚህ ጉዳይ ከሰማኋቸው ክርክሮች ሁሉ ይሄኛው ብቻ ያስጨንቀኛል። አዲስ ሰልጣኝ ማርሽ ሲያስገባ እጁን ያያል፤ እግረኛ ከፊቱ እያለ ካምቢዮው ላይ ሲያፈጥ ስንት ጊዜ ፍሬን ይዤለታለሁ። ግን ይህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ችግር ነው። እጁ ከለመደ በኋላ ዓይኑ ወደ መንገዱ ይመለሳል። የባልደረባዬ ሰልጣኝ መንገዱን እያየ ይጀምራል፤ እግሩ ግን ምንም ሳይማር መንጃ ፈቃዱን ይይዛል።

እግር ምን ይማራል ላለኝ ሰው መልሴ ዳገት ነው። ዳገት ላይ ከደረስኩ ደግሞ ቶሎ አልመለስም።

ከለገሀር ወደ ፒያሳ ስትወጡ ቸርችል ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ያዛችሁ እንበል። ከኋላ ሚኒባስ አፍንጫውን አስጠግቶ ቆሟል። ሰልጣኙ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ይዞ፣ ነዳጅ በትንሹ እየሰጠ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ይለቃል። አንድ ቦታ ላይ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ይላል፤ ኮፈኑ ጥቂት ቀና ይላል። ባላንስ የምንለው ይህ ነው። እግሩ እዚያ ላይ ከቆየ መኪናው የእጅ ፍሬኑ ተለቆም ወደ ኋላ አይሄድም። በዚያች ቅጽበት ሰልጣኙ የመኪናውን ክብደት ያውቀዋል፤ የዳገቱን ኃይል ያውቀዋል፤ ይህን ለመሸከም ከሞተሩ ምን ያህል መጠየቅ እንዳለበትም ያውቃል። በቃል ብነግረው አንድ ዓመት አይበቃኝም። ከተሳሳተ ደግሞ መኪናው ይንዘፈዘፍና ይጠፋል። አሰልጣኝ መቆጣት አያስፈልገውም፤ ስህተቱን መኪናው እዚያው ይነግረዋል።

ኤሌክትሪኩ ዳገት ላይ ራሱ ይዞ ይጠብቃል። ለነጂው ምቾት ነው፤ አልጠላውም። ለተማሪው ግን ዳገት ላይ መሆኑን የሚነግረው ነገር የለም። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ጉልበቱ ሁሉ ከመጀመሪያው አለ። ጉልበትን በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ያልለመደ እግር ያንን ጉልበት ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ የሰፈር ውስጥ መንገድ ላይ አይቻለሁ። በዚያ ላይ መኪናው ድምፅ የለውም። የእኛ እግረኛ ደግሞ በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ነው መንገድ የሚሻገር።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይብሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ድልድዩ ጋ እስክትደርሱ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። የድሮ ሾፌሮች ሕግ አጭር ነበር፦ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጎ የሚለቅ ሰው መኪናውን ለፍሬን ብቻ አስረክቧል፤ ፍሬኑ ሲግል መያዙን ይተዋል። በወጣትነቴ በጭነት አይሱዙ ያንን መንገድ ስወርድ ከፊታችን ያለ መኪና የፍሬን ሸራው ሲቃጠል ሸቶኛል። ሾፌራችን ምንም አልተናገረም፤ ሁለተኛ አስገብቶ ርቀቱን ጨመረ።

የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ይይዛል፤ የሚይዝበትንም ኃይል መልሶ ባትሪው ውስጥ ያስገባል። ግሩም ሥራ ነው። ግን ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚገባበት ቦታ የለም። ተራራ አናት ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ ቁልቁለት የጀመረ ሰው፣ ትናንት ሜዳ ላይ እግሩን ሲያነሳ ይይዝለት የነበረው መኪና ዛሬ የሚለቅበት ጊዜ አለ። በማርሽ የተማረ ሰው ይህን ሲያይ «መኪናውን የያዘው ምንድን ነው? ሞተሩ ነው ወይስ ፍሬኑ?» ብሎ ይጠይቃል። ያልተማረው ጥያቄው ራሱ አይመጣለትም። ለዚህ ነው ከባልደረባዬ ጋር የማልስማማው። ማርሽ እጅ ላይ ያለ ዘንግ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ትቼው ነበር።

የእንጀራ ጉዳይም አለ። ሚኒባሱም፣ አይሱዙውም፣ ሲኖትራኩም ዛሬም አብዛኛው በማርሽ ነው የሚሄደው፤ በመንዳት ሊኖር ያሰበ ወጣት ይህን ሊዘነጋ አይገባም። ወደ ውጭ ለሚሄድም ያው ነው፤ እንግሊዝ አገር በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው ባለማርሽ መኪና እንዲነዳ አይፈቀድለትም።

እኔን ያስተማሩኝ የሰፈራችን ባለ ላዳ ታክሲ ነበሩ። እርጅናው ጆሯቸውን ስለያዘው ሞተሩን በደንብ አይሰሙም ነበር። ማርሽ መቀየሪያ ጊዜው መድረሱን የሚያውቁት በመዳፋቸው ነው። የመጀመሪያ ቀን እጄን ወስደው ካምቢዮው ላይ አስቀመጡትና የእሳቸውን እጅ ከላይ ጫኑበት። «ጆሮህን ተወው፤ ሲጨንቀው እዚህ ይነግርሃል» አሉኝ። እውነትም ነገረኝ። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሆነን ዳገት ስንጀምር መንቀጥቀጡ ከመዳፌ እስከ ክርኔ ደረሰ፤ ሳይነግሩኝ ሁለተኛ አስገባሁ። ከኋላ ጎማው ሥር ታኮ የምናደርጋት ድንጋይ ነበረቻቸው፤ ዳገት ላይ ስለማመድ ወርደው ራሳቸው ያስቀምጧታል። ድንጋይዋን ሳልነካ መነሳት የቻልኩ ቀን ሒሳብ አልተቀበሉኝም።

ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ጎሚስታ፤ የሙያችን ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው አማርኛ ሆነዋል። ፍሬኑና ፍሬቻው ከአዲሱ መኪና ጋር ይዘልቃሉ። ፍሪሲዮንና ካምቢዮ ግን ከነስማቸው መሄዳቸው ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ሳሰለጥን ዛሬም «ነዳጅ ስጪ» እላለሁ፤ ሰልጣኞቹም ይገባቸዋል።

ለማንም ተናግሬው የማላውቀው አንድ ነገር ደግሞ አለ። በማሰለጥንበት መኪና የእኔና የሰልጣኙ ፍሪሲዮን በአንድ ብረት የተያያዙ ናቸው። እሱ ሲረግጥ የእኔም ይወርዳል፤ ሲለቅም የእኔ ይነሳል። ስለዚህ እግሬን ፔዳሉ ላይ በቀስታ ሳሳርፍ የሰልጣኙን እግር እሰማዋለሁ። የሚፈራ ሰው ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል። የሚቸኩል ሰው በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ቤቱ ውስጥ ችግር ገጥሞት የመጣ ሰው ረግጦ ይዞ መልቀቁን ይረሳዋል። አንድ ጎልማሳ ሰልጣኝ ነበረኝ፤ ፊቱ ሁልጊዜ ይስቃል፤ እግሩ ግን አንድ ቀን እንኳ አላረፈም። ስንት ዓመት ከማያቸው ፊቶች ይልቅ በእግሬ የደረሱኝን ሰዎች አስታውሳለሁ። ኤሌክትሪኩ ውስጥ ስቀመጥ ይህ የለም። አጠገቤ ያለው ሰው ምን እንደሚሰማው የማውቀው ፍሬን ሲይዝ ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዘግይቷል። ማንዋልን አጥብቄ የምይዘው ለሰልጣኙ ብዬ ብቻ እንዳልሆነ ባልደረባዬም ይወቅልኝ።

ለልጅቷ በሳምንቱ መልስ ሰጠኋት። «በየትኛውም መኪና ተፈተኚ፤ የምትነጂውም የቤታችሁን ኤሌክትሪክ ይሁን። ዳገቱንና ቁልቁለቱን ግን በማርሽ ተማሪልኝ» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ስንት ቀን ይፈጃል?» አለችኝ። እንደ እግርሽ ነው አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ በላይ ወዳለው ዳገት ወጣን። ድንጋዩን እኔ ወርጄ አስቀመጥኩት። አራት ጊዜ ጠፋባት። በአምስተኛው ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ቀስ ብሎ ተነሳ፤ መሀል ላይ ደርሶ ቆመ፤ አልተንቀጠቀጠም። «አሁን የእጅ ፍሬኑን ልቀቂ» አልኳት። ለቀቀች። መኪናው ባለበት ቆመ፤ ቆይቶም ወደ ፊት ሄደ።

የሙያ ጓደኞቼ፣ የምታሰለጥኑት በኤሌክትሪክ ቢሆንም አንድ ባለማርሽ መኪና ግቢያችሁ ውስጥ አስቀሩ።