ጽ/ቤት የማይቀበለው ሳጥን

ስቶሬጅ፣ ማለትም የቢሮውን ፋይል በኔትወርክ የሚያጋራ ሳጥን፣ መትከል በራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሁለት ዲስክ ይገባል፣ ኬብሉ ከስዊቹ ጋር ይገናኛል፣ ለየሠራተኛው ስምና የይለፍ ቃል ይሰጣል፣ አለቀ። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ቢሮዎች ስሠራ ቀኔን የሚበላው ሌላ ነው። ሲኖሎጂም ሆነ ኪውናፕ ታይዋን ውስጥ የታሰቡ ሳጥኖች ናቸው። የሚቀመጡበት መዝገብ ቤት ደግሞ የራሱ ፊደል፣ የራሱ ሰዓት፣ የራሱ ዓመት አለው። ሁለቱን ሳያስታርቅ የሄደ ባለሙያ ውድ ፍላሽ ሸጦ እንደሄደ ይቆጠር።

ከፋይል ስም ልጀምር። የእኛ አገር ቢሮ ለፋይል ስም አያወጣም፤ የደብዳቤውን «ጉዳዩ» እንዳለ ይለጥፈዋል። ዊንዶውስ ላይ ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ ስሙ እስከ 255 ፊደል ቢሆን ይቀበላል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሊኑክስ ግን የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት ነው፤ ጣሪያውም 255 ባይት ነው። አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ይይዛል። ስለዚህ ለእኛ የተረፈን 85 ፊደል ነው። ሲኖሎጂ ላይ የጋራ ፎልደሩ በቁልፍ ከተመሰጠረ ጣሪያው ወደ 143 ባይት ይወርዳል፤ 47 የግዕዝ ፊደል መሆኑ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የታካሚ ካርድ ወይም የሠራተኛ ማህደር ያለው ሁሉ ፎልደሩን እንዲያመሰጥር እመክራለሁ፤ ምክሬን ሲቀበሉ ታዲያ የስሙ ጣጣ ይመጣል። «በ2016 በጀት ዓመት የተገዙ የቢሮ ዕቃዎችን ርክክብ በተመለከተ ለግዥና ፋይናንስ ክፍል የተጻፈ ደብዳቤ» የሚል ስም ከ160 ባይት በላይ ነው። አይገባም። ሌላው ሁሉ ሲገለበጥ እንዲህ ያሉት ጥቂቶች ብቻ እምቢ ይላሉ፤ ሠራተኛው «ዕቃው ተበላሽቶ ነው የመጣው» ብሎ ይደመድማል። ለዚህ ነው ገና ዲስኩ ሳይገዛ የድሮውን ኮምፒውተር ከፍቼ ረጃጅም ስሞቹን የምለቅመው።

ከዚያ ስላሽ አለች። ጽ/ቤት፣ ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ዓ/ም፤ ያለ እርሷ ደብዳቤ አንጽፍም። ለዊንዶውስም ለሊኑክስም ግን ስላሽ የፎልደር መለያ ስለሆነች በስም ውስጥ አትፈቀድም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን መላ ይመታል፦ አንዱ ጽ.ቤት፣ አንዱ ጽ-ቤት፣ ሌላው ጽቤት፣ ጊዜ ያለው ጽሕፈት ቤት። ሞክሼ ፊደላቱ ሲጨመሩ ነገሩ ይብሳል። ለሳጥኑ ሐምሌ፣ ሀምሌና ኀምሌ ሦስት የማይተዋወቁ ፎልደሮች ናቸው፤ በአንዱ የፈለገ የሌላውን አያገኝም። ይህን የሚፈታው እኔ አይደለሁም፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው።

«እትዬ፣ ሐምሌን በየትኛው ሐ ነው የሚጽፉት?»

«በሐመሩ ሐ ነዋ ልጄ። ሌላ አለው እንዴ?»

«ኮምፒውተሩ ላይ ሦስት ዓይነት አለ።»

«እሱን እነዚያ ጎረምሶች ናቸው የጻፉት!»

እርሳቸው የወሰኑት በአንድ ገጽ ታትሞ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከማንኛውም ሶፍትዌር ይልቅ የምተማመነው በዚያች ወረቀት ነው።

በእነዚህ ከተሞች ሌላም አለ። የመንግሥት ሥራ በኦሮምኛ ስለሆነ ቁቤና ግዕዝ አንድ ፎልደር ውስጥ ይኖራሉ። በቁቤ ቃል መሃል የምትገባው ጭረት በፋይል ስም ላይ ስትተየብ ቀጥ ትላለች፤ ከወርድ ተገልብጣ ስትመጣ ግን ትጎብጣለች። ዓይን አይለያትም፣ ሳጥኑ ይለያታል። በ2015 ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ የደብዳቤ ራስጌውም የክፍሉ ስምም ተለወጠ። ከአስተዳደሩ ጋር የሚጻጻፍ የግል ድርጅት ሁሉ ፎልደሩን በቢሮ ስም ከፍሎ ከነበረ አንድ ጉዳይ ሁለት ቤት ያድራል። በሥራው ዓይነት የከፈለ፣ ግብር፣ ውኃ፣ ፈቃድ፣ መሬት ብሎ፣ ምንም አልጎደለበትም።

ወሮቹም በፊደል ተራ ሲሰለፉ ሐምሌ ፊት ይመጣል። የበጀት ዓመቱ ከዚያ ስለሚጀምር ሂሳብ ሠራተኛው ለአፍታ ደስ ይለዋል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ግን መስከረም ነው፣ ከዚያ መጋቢት። ቁጥር ማስቀደም ግድ ነው፦ 01 መስከረም፣ 02 ጥቅምት፣ እስከ 13 ጳጉሜን።

ሰዓቱን ስሞላ አዲስ አበባ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለች ናይሮቢን እመርጣለሁ፤ ሰዓታችን አንድ ነው። ባለቤቱ «ባክአፑ ሌሊት 8 ሰዓት ይሁን» ሲሉኝ 2፡00 ብዬ እሞላለሁ፤ 8፡00 ብሎ የሞላ ሰው ሠራተኛው ጠዋት ገብቶ ሥራ ሲጀምር ኔትወርኩን ያጨናንቅበታል። የከበደው የቀኑ ነገር ነው። ሳጥኑ የፎልደሩን የቀድሞ መልክ በየቀኑ ሲያስቀምጥ በፈረንጅ ቀን ይሰይመዋል። «ታኅሣሥ 20 የነበረውን የደመወዝ ሰነድ መልሱልኝ» የሚል ሰው 2024-12-29ን መፈለግ አለበት። ስለዚህ የሁለቱ ዘመን አቆጣጠር ሠንጠረዥ ከፊደሉ ወረቀት አጠገብ ይለጠፋል። ሰኔ 30 የተወሰደው ቅጂ ደግሞ ከሌሎቹ ጋር ጊዜው ሲደርስ እንዳይጠፋ ለብቻው ይቆለፋል፤ ኦዲተር የሚጠይቀው እርሱን ነው።

ሱሉልታ ላይ ከፍታም ይታሰባል። የዲስክ ማንበቢያ ጭንቅላት ሳህኑን ሳትነካ በናኖሜትር በሚለካ የአየር ንጣፍ ላይ ትንሳፈፋለች፤ አየር ሲሳሳ ዝቅ ትላለች። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች 3,048 ሜትርን ጣሪያ የሚያደርጉት። ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ዲስኩ ይሠራል፣ ግን ትርፉ ጠባብ ነው። አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ስለሚሳሳም ማራገቢያው የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። የሱሉልታ ብርድ ያካክሳል እንዳይባል፣ ሌባ ተፈርቶ ሳጥኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። የቁም ሳጥኑን ጀርባ አስቀድጄ ማራገቢያውን ከፍ አደርጋለሁ፤ ጩኸቱን ይለምዱታል።

መብራት የታወቀ ነው። ሁለት ዲስክ ያለው ሳጥን ብዙ ጊዜ ከ30 ዋት በላይ ስለማይፈጅ ትንሽ ዩፒኤስ ይበቃዋል፤ ግን የዩፒኤሱ የዩኤስቢ ገመድ ካልተሰካ ሳጥኑ ባትሪ እያለቀ መሆኑን አያውቅምና ሲጽፍ ይጠፋል። ራውተሩና ስዊቹ ከግድግዳው ዲቫይደር ላይ ቀርተው ሳጥኑ ብቻውን ሲበራ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። መብራት መጣ ሄደ በሚልበት ሰሞን ወዲያው እንዲነሳ አላደርግም፤ ባትሪው እስኪሞላ ይጠብቅ።

ሁለት ዲስክ ሲያዩ «ባክአፕ አለን» የሚሉ ብዙ ናቸው። ሁለቱን ዲስኮች አንድ ዓይነት ነገር የሚያስይዘው ሬይድ ግን አንድን ደብዳቤ በካርቦን ወረቀት እንደመጻፍ ነው፤ ስሕተቱም አብሮ ይገለበጣል። ዲስክ ሲሞት ያድናል፣ ሰው ሲሰርዝ ወይም ቫይረስ ፋይሉን ሲቆልፍ አያድንም። ጥር 2014 ላይ ዴድቦልት የተባለው ቫይረስ ዓለም ላይ የቆለፋቸው የኪውናፕ ሳጥኖች ለኢንተርኔት በቀጥታ የተከፈቱ ነበሩ። ስለዚህ «ከቤቴ ሆኜ ልየው» ለሚሉ አለቆች በቪፒኤን ካልሆነ አልከፍትም፤ ቅር የሚለው ቅር ይበለው።

ሁሉንም ክላውድ ላይ እናድርገው የሚለውን ሐሳብ አልጠላውም። ነገር ግን ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት በመላው አገሪቱ ተዘግቶ ሳምንታት ሲቆይ፣ ፋይሉ ክላውድ ላይ ብቻ የነበረ ቢሮ የራሱን ሰነድ መክፈት አልቻለም፤ ሳጥን የነበረው ግን በውስጥ ኬብሉ ሥራውን ቀጥሏል። ሁለተኛው ቅጂ ሌላ ከተማ ይሁን እላለሁ፤ ሰበታና ሱሉልታ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት አዲስ አበባን መሃል አድርጎ አንዱን ለአንዱ መጠበቂያ ያደርጋል። አንድ ቴራባይት በ10 ሜጋቢት መስመር ከ9 ቀን በላይ ስለሚፈጅ የመጀመሪያውን ቅጂ በኤክስተርናል ዲስክ በመኪና አደርሳለሁ። ከዚያ በኋላ መስመሩ በየሌሊቱ አዲሱን ብቻ ይሸከማል።

ርክክብ የምፈርመው መዝገብ ቤት ያሉት ሰው ራሳቸው አንድ ፋይል ሰርዘው፣ ቀኑን ከሠንጠረዡ ፈልገው፣ ያለ እኔ እርዳታ ሲመልሱት ነው። የሳጥኑ ዋና የይለፍ ቃልና ፎልደሩ የተመሰጠረበት ቁልፍ በፖስታ ታሽገው፣ ሥራ አስኪያጁ ፈርመውበት፣ ካዝና ይገባሉ። እኔ ቅጂ አልይዝም። ስልኬን የማላነሳበት ቀንም ይኖራልና።